የጠፋው ኮንክሪት

እናንተዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሲሚንቶና ኮንክሪት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቆይ፣ ቆይ፣ አትቸኩሉ። እኔም እንደናንተ ቸኩዬ መልሼ ነው በሁለት አህያ የላስታን ዳገትና ቁልቁለት ስለካ የከረምኩት።

ዛሬ ማንም ሰው አንድ ክፍል ቤት ባሠራ ማግሥት ስለ ብሎኬትና ስለ ብረት ምሁር ይሆናል። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ላሊበላ ውስጥ ስለ ሲሚንቶ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እኔ ነበርኩ። የችግራችንን ጥልቀት ከዚህ በላይ የሚያስረዳላችሁ ነገር የለኝም።

እኔ የቀበሌያችን ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ቀለም ቀቢ ስላችሁ ቤት የማሳምር እንዳይመስላችሁ፤ መፈክር ነው የምጽፈው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ «ምርታችን ያድጋል» ብዬ ስጽፍ ቦታ አልበቃ አለኝና «ል»ን በሩ ላይ አደረግኋት። በሩ ሲዘጋ ምርታችን ያድጋል። በሩ ሲከፈት «ል» ወደ ውስጥ ትገባና ምርታችን መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ስብሰባ ሲኖር ደግሞ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። የኔ ሙያ እዚህ ላይ ነበር።

ነገሩ የጀመረው እንደዚህ ካሉት ስብሰባዎች በአንዱ ነው። ከከተማችን ዝቅ ብሎ ካለው ምንጭ አጠገብ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት መደብ ይሠራ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ ነበር የሚያጥቡት፤ ሸሚዙ ይነጣል፣ አዝራሩ ግን ወደ ቤት አይመለስም። መደቡ ለወዝአደሮች ቀን በዓል ደርሶ ከአውራጃ በሚመጡት እንግዳ እንዲመረቅ ታሰበ። የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሥቶ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና፣

«ጓዶች! ሲሚንቶ ሊላክልን ነው። ከመካከላችሁ ሲሚንቶ የሚያውቅ ማነው?» አለ።

አገሩ የድንጋይ አገር ነው። አባቶቻችን ድንጋይ ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል። ስለ ዱቄት የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

በዚህ መሀል ዝናሽ ቀና ብላ አየችኝ። ዝናሽ የመጋዘን ጠባቂው የአያ በሪሁን ልጅ ናት። ሽማግሌ ልልክባት ሳስብ፣ ስተወው፣ ደግሞ ሳስብ የከረምኩባት ልጅ። ስታየኝ እጄ ብቻውን ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፤ ራሱ ነው የተነሣው። ኋላ ስጠይቃት፣ ያን ዕለት የምታየው እኔን ሳይሆን ከጭንቅላቴ በላይ የምትዞረውን ተርብ እንደነበር ነገረችኝ። ልትነድፈኝ ነው ብላ ሰግታ ኖሯል። ተርቧ ብትነድፈኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ታውቃለህ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ደሴ እያለሁ ሠርቻለሁ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ደሴ አክስቴ ዘንድ ሳለሁ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ፎቅ ይሠራ ነበር። ፎቁን ሲሠሩት እኔ ብርጭቆ እየሠራሁ አያቸው ነበር። ሥራ ሥራ ነው።

ሲሚንቶው የመጣው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሾፌሩ ከጋሸና ጀምሮ መንገዱን ሲረግም የመጣ፣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ከረጢቶቹን አስወረደና ሞተሩን ሳያጠፋ፣

«በሉ፣ ሲሚንቶው ይኸው። ኮንክሪቱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ!» ብሎን አቧራውን እያቦነነ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ከረጢቶቹን አየ። ከዚያ መንገዱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ኮንክሪቱን እናንተ ታውቃላችሁ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ኮንክሪት ምንድን ነው?»

አሁን በእግዜር፣ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? በሕዝብ ፊት? ዝናሽ በቆመችበት? ደሴ ላይ ሠራተኞቹ «ኮንክሪት! ኮንክሪት!» እያሉ ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ፤ አንድ ሰው ሲጠሩ ነበር የሚመስለኝ። ቢሆንም አዋቂ ሆኜ ተመርጫለሁና ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ኮንክሪት ማለት የሲሚንቶ ዋናው ነው። ሲሚንቶ ያለ ኮንክሪት ምንም አይሠራም።»

«በምንድን ነው የሚመጣው?»

«በጆንያ» አልኩ። ለምን በጆንያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኩንታል ሙሉ ነገር ስታዩ ሌላ ኩንታል ነው ትዝ የሚላችሁ።

ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ኮንክሪቱ ቀድሞ መጥቷል፣ እናንተም ታውቃላችሁ ተባልን፣ እዚህ ግን የለም። የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ አያ በሪሁን ዞረ። አያ በሪሁን ጥምጥማቸው የማይዛነፍ፣ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«በሪሁን! ኮንክሪቱን የት አደረስከው?»

«እኔ?» አሉ አያ በሪሁን፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «በስመ አብ! እኔ እንኳን ልወስደው፣ ኮንክሪት የሚባል ሰውም አላውቅ!»

«ሰው መሆኑን በምን አወቅህ?»

ይኼኔ ነገሩ ተበላሸ። የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ቃል ተጠራ። በዚያ ዘመን ያ ቃል ከተጠራ በኋላ የሚስቅ አልነበረም። እንግዳው ለበዓሉ ሲመጡ አያ በሪሁን ለአውራጃው ተላልፈው ይሰጣሉ ተባለ። ወደ አውራጃ የሚሄድ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን አልነበረም።

እስከዚያው ይታሰሩ ተባለና ሌላ ጣጣ መጣ። የቀበሌያችን እስር ቤት መጋዘኑ ራሱ ነው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዙት ደግሞ አያ በሪሁን ናቸው። ለሌላ ሰው ያስረክቡ ቢባል ከሳቸው በቀር የሚታመን ጠፋ። ስለዚህ አያ በሪሁን ራሳቸው ከፍተው ገቡ፣ ከውስጥም ቆለፉ። ከዚያ ወዲያ አካፋ የፈለገ ሁሉ በሩን እያንኳኳ «አያ፣ ቢፈቅዱልን» ማለት ሆነ። እሳቸውም «ማነህ? ምን ትፈልጋለህ? እኔ እኮ እስረኛ ነኝ» እያሉ ያወጡለታል።

በማግሥቱ ዝናሽ መጣችብኝ። ቀይ ቀለም እየበጠበጥኩ ነበር።

«በጆንያ ይመጣል ያልከው አንተ ነህ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው በጆንያ አምጣው።»

ይህን ብላ ሄደች። ብታለቅስ፣ ወይም ብትሳደብ እኮ ቀለል ይለኝ ነበር። የአጎቴን ሁለት አህዮች ለመንኩ፣ ባዶ ጆንያ ጫንኩባቸው፣ ሊቀመንበሩም «የአሻጥሩን ሰንሰለት እስከ ጫፉ ተከታተል» ብሎ መረቀኝና ወደ ጋሸና ተጓዝኩ።

ያን መንገድ የማታውቁት ካላችሁ ላስረዳችሁ። ስትወጡ ትወጣላችሁ። ወጥታችሁ ስትጨርሱ ያልጨረሳችሁት ይታያችኋል። የአጎቴ አህዮች ደግሞ ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንዷ ስትሄድ አንደኛው ይቆማል፣ እሱን ስጎትት እሷ ተመልሳ ቤቷ ልትገባ ትነሣለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ገበሬ ቤት ማደሪያ ለመንኩ። ሽማግሌው ባለቤት በክብር ተቀበሉኝ፣ እግሬን አስታጠቡኝ፣ ከዚያም፣

«የኔ ልጅ፣ ጋሸና ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ኮንክሪት ፍለጋ ነው፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑልኝ። «እግዜር ያሽርህ። የት ላይ ነው የሚጀምርህ?»

«ኧረ በሽታ አይደለም!»

«አይዞህ፣ ከኛ አትደብቅ» አሉ ሚስታቸው ከጓዳ። «ሆድ ላይ ከሆነ ፌጦ አለኝ።»

አይደለም ብዬ ብዬ ደከመኝና ፌጦውን ጠጣሁ። ጠዋት «ተሻለህ?» ሲሉኝ «እጅግ ተሻለኝ» አልኩ። የበላሁባቸውን እንጀራ በምን ልክፈል?

ጋሸና ስደርስ ብርዱ ጆሮዬን ቆርጦ ሊወስደው ነው። መኪኖች መንገድ ዳር ተደርድረዋል፣ ሾፌሮች ጎማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሪዛም የሆነ ሾፌር መርጬ ተጠጋሁት። ሪዛም ሰው ቁም ነገረኛ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ አልተወኝም ይህ በሽታ።

«ጋሼ፣ ኮንክሪት የት ይገኛል?»

አህዮቹን አየ። ጆንያዎቹን አየ። ጓደኞቹን ጠቀሰ።

«የትኛውን ነው የምትፈልገው? ወንዱን ነው ሴቱን?»

አሰብኩ። ሊቀመንበሩ ይህን አልነገረኝም። «አህዮቹ ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱም ልውሰድ።»

«ወላሂ ብልህ ነህ!» አለኝ። «በል አብሽር፣ ተስፋ አትቁረጥ። ወገል ጤና ሂድ። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ትኩሱን ያወጡታል። ግን ማልደህ ድረስ፣ ከረፈደ ያልቃል።»

ባረክሁት። እውነቴን ነው፣ እጁን ስሜ ባረክሁት። ጎማ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሲንከባለል እያየሁ እንኳ የሆድ ቁርጠት ነው ብዬ ፌጦ ልመክረው ዳዳኝ።

ወደ ወገል ጤና ከመነሣቴ በፊት እህል ልቅመስ ብዬ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ምግብ ቤት ገባሁ። ሽሮ አዘዝኩ። እስኪቀርብ ድረስ በሩ ላይ እየተንቆራጠጥኩ አህዮቼን ሳይ እትዬ ጥሩነሽ ታዘቡኝ።

«ምን ያጣድፍሃል፣ ልጄ?»

«ወገል ጤና ልደርስ ነው፣ እትዬ። ኮንክሪት ሳያልቅ።»

እትዬ ጥሩነሽ የሽሮውን ድስት እንደያዙ ቆሙ።

«ምን ሳያልቅ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሚንቶው መምጣቱን፣ ኮንክሪቱ መጥፋቱን፣ አያ በሪሁን መታሰራቸውን፣ ወንዱንና ሴቱን። እትዬ ጥሩነሽ ድስቱን መሬት አስቀመጡና ሳቁን ለመያዝ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። አልያዘላቸውም። ሳቁ፣ ሳቁና እንባቸውን ጠርገው፣

«ከገባህ ጀምሮ የቆምክበት ምንድን ነው?» አሉኝ።

ወደ ታች አየሁ። ግራጫ፣ ደረቅ፣ ልስልስ ያለ ወለል ነው።

«ሲሚንቶ» አልኩ።

«ሲሚንቶ ብሎ ዝም! ኮንክሪት ነው እንጂ። ና ወዲህ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ከመደርደሪያ ቆርቆሮ አውርደው ከፈቱልኝ።

«ሽሮ።»

«እዚህ ድስት ውስጥ ያለውስ?»

«ሽሮ።»

«ዱቄቱም ሽሮ፣ ወጡም ሽሮ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ግን ዱቄቱን ቃም አድርገህ አትጠግብም፤ ውኃው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ፣ ዘይቱ አለ። ሲሚንቶ ዱቄቱ ነው። ከአሸዋና ከጠጠር ጋር በውኃ ሲቦካና ሲደርቅ ኮንክሪት ይባላል። አንተ ቤትህ ዱቄቱን ቆልለህ፣ ጠፋ ብለህ ሰው አሳስረህ፣ ወጡን በጆንያ ልትገዛ ጋሸና መጣህ!»

እትዬ ጥሩነሽ ሽሮውን አቀረቡልኝ፤ እኔ ግን ዐይኔ ከወለሉ ላይ አልነቀል አለ። ያን ያህል አገር አቋርጬ የፈለግሁትን ነገር ረግጬው ቆሜ ነበር የምጠይቀው።

«ስንት እጅ ሲሚንቶ፣ ስንት እጅ አሸዋ ነው ታዲያ?» አልኳቸው ስሰናበት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ። እስኪወፍር ድረስ ነዋ!»

ተመለስኩ። አህዮቹ የመመለሻውን መንገድ ሲያዩ እንደ መኪና በረሩ። ሥጋቴ ሌላ ነው፤ ባዶ ጆንያ ይዤ ብገባ ሊቀመንበሩ ምን ይላል? ከከተማችን በታች ያለውን ወንዝ ስሻገር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በአንዷ አህያ አሸዋ፣ በሌላው ጠጠር ጫንኩ። ደግሞም ያስፈልጋል። ብልህነቴን አደነቅሁ። ብልህነቴን ባደነቅሁ ቁጥር አንድ ሰው ይጎዳል፤ ይህን ያኔ አላወቅሁም።

የገባሁት በበዓሉ ዕለት ጠዋት ነው። እንግዳው ገና አልደረሱም። ጆንያ የጫኑ አህዮች ሲታዩ ሕዝቡ «ኮንክሪቱ መጣ!» ብሎ ወጣ። ሴቶች እልል አሉ። ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጥቶ ጆንያውን ዳበሰው።

«ተገኘ! አላልኳችሁም? ጋሸና ድረስ ሸጦታል! የገዛው ማነው?»

«የገዛው የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ እኮ…»

«ገዢውን ትደብቃለህ? አንተም አለህበት!»

አያችሁ? ባዶዬን ብመጣ አንድ ሰው ነበር የታሰረው፤ ጠጠር ጭኜ በመምጣቴ ሁለት ልንሆን ነው። ጆንያውን ፈትቼ በፊቱ ዘረገፍኩት።

«ይኼ ድንጋይ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«አዎ፣ ገና ጥሬ ነው። ተቦክቶ ሲደርቅ ነው ኮንክሪት የሚሆነው። ኮንክሪት አልተሰረቀም፣ ገና አልተወለደም! ፍቀዱልኝና ልሥራው።»

ሊቀመንበሩ እያጉረመረመ ፈቀደና መጋዘኑን አንኳኳን። አያ በሪሁን ከውስጥ ከፍተው ሲሚንቶውን አወጡልን፤ እሳቸውም ሊያዩ ተከትለውን ወረዱ። ምንጩ ዳር ሳንቃ በአራት ማዕዘን ገጥመን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩን፣ ሲሚንቶውን በአካፋ አደባለቅን። ምን ያህል ሲሉኝ «እስኪወፍር ድረስ» አልኩ። እንዲወፍር ብዬ ያንን ሁሉ ከረጢት አራገፍኩበት። ወፈረ። አካፋው ሲቆምበት የማይወድቅ ሆነ። ሳንቃው ውስጥ ገለበጥነውና በጣውላ አስተካከልነው።

አያ በሪሁን ጎንበስ ብለው አዩት። «ድንጋይ መፈልፈል እናውቃለን። ድንጋይ ሲቦካ ግን ዛሬ ነው ያየሁት» አሉ።

ይኼኔ የአውራጃው እንግዳ ከነአጃቢዎቻቸው ደረሱ። ሊቀመንበሩ ወደ መደቡ ሲያይ ያልደረቀ ጭቃ ነው የሚታየው፤ እንግዳው ደግሞ ሊመርቁ መጥተዋል። ላብ ያጠምቀው ጀመር። ያለው ብልሃት አሻጥሩን ማጋለጥ ነው።

«የተከበሩ ጓድ!» አለ። «ኮንክሪት የተባለ የሕዝብ ንብረት ተሰርቆብናል። በምትኩ ይህን ጭቃ ኮንክሪት ነው ይሉናል። ጭቃ መሆኑን በዓይንዎ ይመልከቱ!»

ይህን ብሎ በከስክስ ጫማው መሀሉ ላይ ወጣበት። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። «አያችሁ? ጭቃ!»

ከፍ ብሎ ሲቆም ሕዝቡ ሁሉ ታየው። ሊቀመንበራችን ሕዝብ ከታየው ንግግር ሳያደርግ አይወርድም። ጀመረ። ከጥንት ተነሣ። ፊውዳሉን አለፈ፣ ቡርዣውን ደረሰበት፣ ወደ መደብ ትግል ገባ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ እኛ ጥላ ፍለጋ ተጨናነቅን። እሱ ቀጠለ። እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ፣ ደግመው አዩ። እኔ ዐይኔን ከጫማው ላይ አላነሣሁም። የግራጫው ጭቃ ጠርዝ መንጣት ጀምሮ ነበር። ልናገር አሰብኩ፤ ግን ንግግሩን ማቋረጥ ራሱ አሻጥር ነው።

በመጨረሻ እጁን ወደ ሰማይ አነሣና፣

«ከእንግዲህ ወዲያ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ የለም! ሁላችንም አሁኑኑ ወደፊት!» ብሎ ወደፊት ሊራመድ ሞከረ።

ደረቱ ሄደ። እግሩ ቀረ። እንደ ዘንባባ ወደፊት ተለምጦ፣ ክንዱን አወራጭቶ፣ ተመልሶ ቀጥ አለ። ግራውን ሳበ፤ እንቢ። ቀኙን ሳበ፤ እንቢ። ለስንት ዘመን የመደብ ትግል ሲያስተምረን ኖሮ፣ ትግሉን በዓይናችን ያየነው ያን ዕለት ነው።

እንግዳው ቀረብ አሉ።

«ጓድ፣ ምንድን ነው የያዘህ?»

ሊቀመንበሩ ከንፈሩን ነከሰ። ሌላ ቃል ፈለገ። አጣ።

«ኮንክሪት ነው» አለ በለሆሳስ።

«ተገኘ!» ብለው ጮኹ አያ በሪሁን። በሕይወቴ እሳቸው ሲጮኹ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ጓድ ሊቀመንበር በራሳቸው አፍ መሰከሩ! ኮንክሪቱ ተገኘ! ይኸው ቆመውበታል!»

እልልታው ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ተስተጋባ። እንግዳው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ከኋላ ይታያል። ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቷል፤ የአያ በሪሁንን መታሰርም አንዱ ሹክ አላቸው።

«እኒህ አባት የታሰሩት በዚህ ነው?»

«በዚሁ ነው፣ ጓድ» አልን።

«በሉ አባቴ፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

አያ በሪሁን እጅ ነሡና፣ «እገባለሁ ጌታዬ፣ ግን እስር ቤቱን መጀመሪያ ልቆልፈው» ብለው ሄዱ።

ሊቀመንበሩን አራት ሆነን ብንጎትት ጫማው አልወጣም። ክሩን ፈታንለትና እሱ ብቻ ወጣ። በካልሲ፣ አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ፣ የአውራጃውን እንግዳ እስከ መኪናቸው ሸኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንግግሩ አጠረ። የሆነ ቦታ ሲቆምም መጀመሪያ በጫማው ጫፍ ይነካካል።

መደቡስ? እንዲያ ያለ ጥንካሬ አላያችሁም። የአንድ ሰፈር ሲሚንቶ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ጫማዎቹን በመጋዝ ከላይ አስተካከልናቸው፤ ከመደቡ ጋር እኩል የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች ቀሩ። ሴቶቹ ወዲያው ጥቅሙን አገኙለት፤ ሳሙና እየተንሸራተተ ምንጩ ውስጥ መግባቱ ቀረ።

ወደ አያ በሪሁን ሽማግሌ ተላከ፣ ነገሩም ሠመረ። ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን ዝናሽን ላግዛት ልብስ ተሸክሜ ምንጭ ወረድኩ። ሴቶቹ ሁሉ ሳሙናቸውን የሚያስቀምጡት በግራው ጫማ ነው፤ ተራ ይጠባበቃሉ፣ ይጋፋሉ። ቀኙ ባዶውን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ለምን በዚህኛው አታደርጉትም?» አልኩና ሳሙናዬን ልጥል እጄን ዘረጋሁ።

ዝናሽ እጄን ያዘችኝ። በዐይኗ ከመደቡ ወዲያ ጠቆመችኝ። የሊቀመንበሩ ሚስት እጅጌዋን ሰብስባ ካልሲ እያሸች ነበር። ቀና ሳትል፣

«ተው ወንድሜ» አለችኝ። «ግራውን ለሕዝብ ለቅቄያለሁ። ቀኙ ግን የባሌ ነው።»